የዕድር ብር የበላ ሰው እንዴት ይናዘዛል?

ስለ ንስሐ የሚሰበከው ብዙ ነው፤ ስለ አነጋገሩ ግን ጥቂት። «ተናዘዝ» ይባላል እንጂ ካህኑ ፊት ሲቀርቡ የመጀመሪያው ቃል ምን እንደሚሆን፣ ከዚያ ወጥቶ ወደ ተበዳዩ ሲኬድ ምን ተይዞ እንደሚኬድ የሚነግር ሰው እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ አንድ ጉዳይ እንያዝና እስከ ዳር እንሂድበት፦ የዕድር ገንዘብ ያዥ ሆኖ የዕድሩን ብር የበላ ሰው። ሳቢያን እንበለው፣ ገንደ ቆሬ እንበለው፣ ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤት በአንድ ዕድር የሚረዳዳበት የድሬዳዋ ሰፈር ነው።

ብሩ በአንድ ቀን አይበላም። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ የሚጀምረው በመቀላቀል ነው። ወርኃዊ መዋጮው በገንዘብ ያዡ የግል ቴሌብር ይገባል፤ በእጅ የተሰበሰበውም ከራሱ ብር ጋር በአንድ ኪስ ያድራል። የወሩ አጋማሽ ላይ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ሲመጣ 3,000 ብር «ይተካል» ተብሎ ይነሳል፤ ይተካልም። ቀጥሎ 5,000 ይነሳና 4,000 ይተካል። ከሰዓት በኋላ በርጫ (ጫት መቃሚያ) ላይ የሚቀመጥ ሰው ከሆነ ደግሞ ዛሬ 200፣ ነገ 300 እያለ ይወጣል፤ 200 ብር አንስቶ ራሱን ሌባ ብሎ የሚጠራ ሰው የለም። ለቅሶ ሲደርስ ከዘመድ ይበደርና ይሸፍናል፤ ያ ሌላ ዕዳ ነው። ጠቅላላ ጉባኤው ሲቃረብ መዝገቡ 61,500 ይላል፣ እጁ ላይ ያለው 37,500 ነው እንበል። 24,000 ብር የለም።

እዚህ ላይ ሰው መሸሸጊያ ይፈልጋል። በእኛ አካባቢ አንደኛው መሸሸጊያ ስለት ነው። ቁልቢ ቅርብ ነው፤ ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19 ሲደርስ «ይህችን ብቻ ሸፍንልኝ፣ ዣንጥላ አስገባለሁ» ተብሎ ይሳላል። መሳል ነውር የለበትም። የሰው ብር በኪስ እያለ ስለት ማስገባት ግን ወንጌል በግልጽ ያቆመው ነገር ነው፤ ማቴዎስ 5፥23-24 ላይ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ይላል። ዣንጥላው በ4,000 ብር ከተገዛ ያ 4,000 የዕድሩ ነው። ሁለተኛው መሸሸጊያ «አባቴ፣ ኃጢአቴ ብዙ ነው» የሚለው የጅምላ ኑዛዜ ነው። ትሑት ይመስላል፣ ግን ምንም አልተናገረም።

ሦስተኛው ከሁሉ የተከበረና ከሁሉ የከፋ ነው፦ «መጀመሪያ ብሩን ልተካ፣ ከዚያ እናዘዛለሁ»። ይህ ሰው ምሕረትን እንደ ደመወዝ ሠርቶ ሊቀበላት ነው የተነሣው። ስለማይሞላለት ደግሞ ሁለቱም ይቀራሉ፤ ብሩም አይተካም፣ ኑዛዜውም አይደረግም። በሉቃስ 19 ያለውን የዘኬዎስን ታሪክ በቅደም ተከተሉ ማንበብ ይጠቅማል። ጌታ «ዛሬ በቤትህ እውል ዘንድ ይገባኛል» ያለው ዘኬዎስ ገና ዛፉ ላይ ሳለ ነው። «አራት እጥፍ እመልሳለሁ» የሚለው ቃል የመጣው ጌታ ወደ እርሱ ከመጣ በኋላ ነው። አስቀድሞ ተቀባይነት አገኘ፣ ከዚያ ሒሳቡ ተከፈተ። ቅደም ተከተሉ የተገለበጠበት ሰው ሒሳቡን መክፈት አይችልም፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ የሚጨምረው ቁጥር የመዳኑን ዕድል የሚቀንስ ይመስለዋል። 24,000 የነበረው 15,000 የሚሆነው እንዲህ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ «በድያለሁ» ያሉ ሦስት ሰዎችን ማስተያየት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ሳኦል በ1ኛ ሳሙኤል 15 መጀመሪያ «ሕዝቡ ነው» ብሎ በሕዝቡ አሳበበ፤ ነገሩ ሲጠብቅበት «በድያለሁ» አለ፣ ትንፋሽ ሳይወስድ ግን በሽማግሌዎች ፊት አክብረኝ ብሎ ሳሙኤልን ለመነው። ጭንቀቱ ስሙ ነበር። ይሁዳ በማቴዎስ 27 ከሳኦል እጅግ የተሻለ ኑዛዜ አደረገ፤ «ንጹሕ ደም አሳልፌ በመስጠቴ በድያለሁ» አለ። ምን እንዳደረገ ጠራው፣ ማንም ላይ አላሳበበም፣ 30ውን ብርም መለሰ። የተናገረው ግን «እኛስ ምን አግዶን? አንተው ተጠንቀቅ» ለሚሉ ሰዎች ነበር፤ ወደ ጌታው አልሄደም። እውነቱን ሙሉ በሙሉ ተናግሮ ጸጋን ያላመነ ሰው የሚደርስበት ቦታ ያ ነው። ለዚህ ነው «ብቻ እውነቱን ተናገር» የሚለው ምክር ለብቻው የማይበቃው። ዳዊት በ2ኛ ሳሙኤል 12 ናታን ፊት «እግዚአብሔርን በድያለሁ» አለ፤ ምክንያት አልጨመረም፣ ዙፋኔን ጠብቅልኝ አላለም። መልሱ ወዲያው መጣ፦ እግዚአብሔር ኃጢአትህን አርቆልሃል፣ አትሞትም። በዚያው ምዕራፍ ግን ሰይፍ ከቤትህ አይርቅም የሚለውም አልተሻረም። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፤ ወደ ዕድሩ ስንመጣ ያስፈልገናል።

እንግዲህ ወደ ሥራው። ከኑዛዜው በፊት አንድ ገጽ ወረቀት ይጻፋል። ሰው መጀመሪያ የሚጽፈው ብዙውን ጊዜ ይህን ይመስላል፦ «ባለፈው ዓመት በነበረብኝ ችግር ምክንያት የዕድሩ ሒሳብ ትንሽ ተዛብቷል»። ችግሩ ፊት ቆሟል፣ ያደረገው ሰው የለም፣ መጠኑ «ትንሽ» ነው፣ ሒሳቡ በራሱ ጊዜ የተዛባ ይመስላል። እንደገና ሲጻፍ፦ «ከመስከረም 2016 እስከ ነሐሴ 2016 የዕድሩን ብር ለራሴ ጉዳይ አወጣሁ። ድምሩ 24,000 ብር ነው። የካቲት ላይ ሰብሳቢው ሲጠይቀኝ ‹ባንክ ነው ያለው› ብዬ ዋሸሁ። ለለቅሶ የሚከፈል ሲጠፋ ከእህቴ 6,000 ተበደርኩ፣ ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም።» ስርቆቱ አንድ፣ ውሸቱ ሌላ፣ እህትን ማታለሉ ሦስተኛ ነው፤ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ይናዘዝና ሁለቱን ይረሳል፤ ቆይቶ የሚያቃጥለውም ውሸቱ ነው። ድምሩን በትክክል የማያውቅ መዝገቡን ገጽ በገጽ ይደምራል፤ ጥርጣሬ ያለበትን ወር ከፍ ባለው ቁጥር ይይዛል።

ምክንያቶቹ ይጣሉ ማለት አይደለም። በወረቀቱ ጀርባ ይጻፉ፤ የልጅ ክፍያ፣ በርጫ፣ የታመመ ወላጅ። የንስሐ አባት ቀኖና ሲሰጡ ይፈልጓቸዋልና። ፊትና ጀርባው እንዳይቀላቀል ብቻ ነው ጥንቃቄው። ወረቀቱ ከኑዛዜው በኋላ ይቃጠላል ወይም ይቀደዳል። ስልክ ላይ አይጻፍም፣ በቴሌግራም ድምፅ ተቀድቶም ለቄስ አይላክም፤ ስልኩን ልጆች ይከፍቱታል፣ ኑዛዜም ፊት ለፊት የሚደረግ ነገር ነው።

በኦርቶዶክስ ሥርዓት ኑዛዜ የሚቀበለው ካህን ነው፤ ዲያቆን አይቀበልም። እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ሰው ከቦ መስቀል በሚሳለምበት ሰዓት «አንዴ አባቴ» ብሎ ጥግ መያዝ ለዚህ ዓይነት ነገር አይሆንም፤ በሥራ ቀን ማለዳ ከኪዳን በኋላ ቀጠሮ መያዝ ይሻላል። ድሬ ላይ ከቀትር በኋላ በዚያ ሙቀት ካህኑም ተናዛዡም ለመጨረስ ይቸኩላሉ። አንድ የማይቀር ችግር አለ፦ የንስሐ አባትየው ራሳቸው የዕድሩ አባል ሊሆኑ ይችላሉ። በኑዛዜ የሰሙትን በስብሰባ ላይ ማውጣት አይችሉም፤ ምስጢሩ የታሰረ ነው። ቢሆንም ነገሩ ከከበደ «አባቴ፣ ይህን ጉዳይ ለሌላ አባት እንድናገር ይፍቀዱልኝ» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ይቻላል። ሳይናገሩ አባት መቀየር ግን፣ በተለይ ቀለል ያለ ቀኖና ፍለጋ፣ መጀመሪያ የመጣንበትን መደበቅ በሌላ በር ማስገባት ነው።

ጥሩ አባት መጀመሪያ የሚጠይቀው «ብሩንስ?» ነው። ቀኖና ብሩን አይተካም። ቀኖናው ጾም፣ ስግደት፣ ጸሎት፣ ምጽዋት ሊሆን ይችላል፤ መዝሙር 50ን፣ በሌሎች አቈጣጠር 51 የሚባለውን፣ በየቀኑ መድገም አብሮ ይታዘዛል። የስግደቱ ቁጥር በአቅም ስለሆነ የደም ግፊት ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ጉልበቱን የሚያመው አስቀድሞ መናገር አለበት። ዝም ብሎ ተቀብሎ በአራተኛው ቀን ማቆም በጣም የተለመደ ውድቀት ነው። ስግደቱ በማለዳ ይሁን፤ ቀትር ላይ ቤት ውስጥም ቢሆን አይቻልም። እሑድ አይሰገድም፣ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናትም እንዲሁ፤ ስለዚህ ሕማማት አካባቢ ቀኖና የተቀበለ ሰው እንዴት እንደሚቆጥር አባቱን ይጠይቅ። ሲፈጸም ወደ አባት ተመልሶ «ይፍታህ» መባል አለ፤ ከዚያ ነው ቁርባን፣ ያውም ከ18 ሰዓት ጾም ጋር። ግማሹን ብቻ የሰገደ «ግማሹን ነው የሰገድኩት» ይበል። አባት ያቀሉለታል፣ ወይም ይቀይሩለታል። ይህን የማይለው ሰው ግን አፍሮ ይጠፋል፣ ሰላምታም ያቆማል፣ መንገድ ይቀይራል፤ ከዕድሩ ኮሚቴ የሸሸው ሰው አሁን ከቤተ ክርስቲያንም ሸሸ። ቀኖና የኃጢአት ዋጋ ቢሆን ኖሮ ያልጨረሰ ሰው መሸሹ ትክክል ነበር። ዋጋው ግን ተከፍሏል፤ ገና ኃጢአተኞች ሳለን ክርስቶስ ስለ እኛ ሞቷልና፤ ሮሜ 5፥8። ቀኖና መድኃኒት ነው፤ መድኃኒት ያቋረጠ ሰው ደግሞ ወደ ሐኪሙ ይመለሳል።

አሁን ወደ ዕድሩ። ከጠቅላላ ጉባኤው በፊት፣ መዝገቡ ሳይፈተሽ፣ በራሱ እግር ወደ ሰብሳቢው ይሄዳል። ሲያዝ የተናገረና ሳይያዝ የተናገረ እኩል አይታመኑም። የሚይዘው መዝገቡን፣ የቀረውን 37,500 ወይም ያስገባበትን የባንክ ደረሰኝ፣ የመጀመሪያውን ወር ክፍያ፣ የክፍያ ሰሌዳውን በጽሑፍ። አነጋገሩ አጭር ይሁን፦ ምን እንዳደረገ፣ ስንት፣ የካቲት ላይ እንደዋሸ፣ ምን ይዞ እንደመጣ፣ ቀሪውን መቼ መቼ እንደሚከፍል። ከዚያ ዝም ይበል። «ይቅር በሉኝ» የሚለው መጀመሪያ ከመጣ ሰሚው ነገሩን ሳያውቅ እንዲምር እየተገደደ ነው። ድንጋይ ተሸክሞ በሽማግሌ ፊት ጉልበት መያዝም፣ በዓል ቀን እንግዳ በተሰበሰበበት መምጣትም ያው ነው፤ ተበዳዩ እምቢ እንዳይል የተዘጋጀ ወጥመድ ነው። ሽማግሌ ካስፈለገ ሁሉም ነገር ከተነገረ በኋላ ይምጣ።

ድሬዳዋ ላይ ደግሞ የራሱ የሆነ አደጋ አለ። የከተማው ሰው ነገር ማክበድ አይወድም፤ ገና «ሰብሳቢ፣ አንድ ነገር...» ሲባል «አቦ ተወው! ምን ችግር አለ» ይላል። ደግነቱ እውነተኛ ነው፤ ግን 24,000ን ሳይሰማ የማረው 24,000ን ሲሰማ እንደገና ይቆጣል፣ ያኔ ቁጣው እጥፍ ነው። ስለዚህ «አይ፣ ልጨርስ» ብሎ መጨረስ ግድ ነው። በርጫ ላይ ደግሞ አይነገር። በምርቃና የተሰጠ ይቅርታ አያድርም። ማለዳ፣ ሱቅ ሳይከፈት በፊት ጥሩ ሰዓት ነው።

ሌላው መጠንቀቂያ፦ «እግዚአብሔር ይቅር ብሎኛል» የሚለው ቃል እዚያ ጠረጴዛ ላይ አይወጣም። እውነት ነው፤ ግን ብሩን ለተበላበት ሰው፣ ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን፣ «ጉዳዩ ተዘግቷል፣ አንተ ምን ቤት ነህ» የሚል ነው የሚመስለው። ጸጋው የሚታየው ሰውየው ቁጥሩን ሳያሳንስ፣ ሲሰደብ ሳይመልስ መቀመጥ በመቻሉ ነው።

የክፍያ ሰሌዳው ላይ ሰው ብዙ ጊዜ በስሜት ይሳሳታል። ዘኍልቍ 5፥7 ኃጢአቱን ተናዝዞ የወሰደውን በሙሉ ይመልስ፣ አምስተኛውንም እጅ ይጨምር ይላል። የ24,000 አምስተኛ 4,800 ነው፤ በድምሩ 28,800። የዕድሩ ደንብ ባይጠይቀውም መጨመሩ መልካም ነው፤ ዕድሩ ብሩን ያጣበት ጊዜም ዋጋ አለውና። በወር 2,400 ቢከፈል በ12 ወር ያልቃል። ደመወዙ 9,000 የሆነ ሰው አልቅሶ «በወር 6,000 እከፍላለሁ» ካለ ግን በሦስተኛው ወር ይወድቃል፣ ሁለተኛ ውሸታም ይሆናል፤ ትንሽና ቀኑን የማይስት ክፍያ ይበልጣል። በእጅ አይስጥ፤ በዕድሩ የባንክ ሒሳብ ያስገባና ደረሰኙን ለጸሐፊው ይስጥ። ስምምነቱ ሁለት ምስክር ፈርመውበት በሁለት ቅጂ ይያዝ። የእህትየው 6,000 ከዚህ ውጭ ነው፤ ለእርሷም ምክንያቱ ተነግሮ ለብቻ ይከፈላል።

ኮሚቴው ጉዳዩን ወደ ሕግ ልውሰደው ካለ መብቱ ነው። አደራ የተሰጠን ገንዘብ ለራስ ማዋል በወንጀል ሕጉ እምነት ማጉደል ይባላል፤ ፊርማው ያለበት ወረቀትም ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ይህን አውቆ ነው የሚፈርመው። ዳዊት ላይ እንዳየነው ይቅርታው ውጤቱን አላስቀረም፤ ይቅርታው ውጤቱን የሚሸከምበት ትከሻ ነው የሰጠው።

በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መንገዱ በመጠኑ ይለያል፤ ለእግዚአብሔር ተናዝዞ ለመጋቢው ወይም ለሽማግሌዎች መናገር፣ ከአገልግሎትና ከጌታ እራት ለተወሰነ ጊዜ መታገድ የተለመደ ነው። እዚያ የሚያሰጋው ሌላ ነው፦ ነገሩ ቶሎ ወደ መድረክ ምስክርነት ይወጣል፣ በመድረክ ላይ ደግሞ «ሌባ ነበርኩ» ይባልና ዕዳው ገና በ3ኛው ወር ላይ ይሆናል። ክፍያው ሳያልቅ ማይክራፎን ባይያዝ ጥሩ ነው። ሐረርና ድሬዳዋ ካሉት ካቶሊኮች ዘንድ ኑዛዜው ከኦርቶዶክሱ ጋር የሚቀራረብ ሲሆን ካህኑ ምስጢሩን እንዲጠብቅ ሕጉ በጥብቅ ያዝዛል።

ሁሉ ኃጢአት በዚህ መልክ አይነገርም። ዝሙት ከሆነ ለትዳር አጋር ከመናገር በፊት ከንስሐ አባት ጋር እንዴትና መቼ እንደሚነገር መማከር ይገባል፤ ዝርዝር ሥዕል መሳል ተናጋሪውን አቅልሎ ሰሚዋን ያሰቃያል። የጤና ጉዳይ ግን ቀጠሮ አይሰጠውም፤ ምርመራ ቶሎ ይደረጋል፣ ሐኪሙ ድገም ካለም በተባለው ቀን ይደገማል፣ ውጤቱ ሳይታወቅ ሌላውን ለአደጋ ማጋለጥ አዲስ በደል ነው። በልጅ ላይ የደረሰ ጥቃት ከሆነ በሽማግሌና በኑዛዜ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ልጁ መጀመሪያ ከአደጋው ይወጣል፣ ፖሊስ ያውቃል። በዚህ ላይ «ክርስቲያን ነን፣ ይቅር እንባባል» የሚል ሽማግሌ ሲመጣ ባይሰማ ይሻላል።

ያው ሰው በ5ኛው ወር እንደገና ብር ቢያነሳስ? እንደገና ይናዘዛል፤ ጴጥሮስ «እስከ ሰባት ጊዜን?» ብሎ ያገኘው መልስ ሰባ ጊዜ ሰባት ነው። ሁለተኛው ኑዛዜ ግን ከመጀመሪያው የበለጠ መዘርዘር አለበት፦ በየትኛው ሰዓት፣ ከማን ጋር፣ ብሩ በየትኛው መንገድ እጁ ገባ። መልሱ «ደመወዝ ከተቀበልኩ ማግስት፣ በርጫ ላይ» ከሆነ አባትየው የሚያዙት ስግደት ሳይሆን ደመወዙ በገባ ቀን 2,400ው ተቆርጦ ለዕድሩ እንዲገባ ለባንኩ ትእዛዝ መስጠት ሊሆን ይችላል፤ ይህም ቀኖና ነው።

ዕዳው ካለቀም በኋላ ገንዘብ ያዥነቱን መልሶ አይቀበል፤ «ይቅር ብለንሃል እኮ» ብለው ቢመርጡትም። ዕድሩም የራሱን ቀዳዳ ይድፈን፦ በዕድሩ ስም የተከፈተ ሒሳብ፣ ሦስት ፈራሚ፣ ለማውጣት ቢያንስ ሁለቱ፣ በየወሩ በአባላት ፊት የሚነበብ ሒሳብ፣ በግል ቴሌብር መዋጮ አለመቀበል። ርክክቡ ላይ ደግሞ አንዳንድ ደግ ኮሚቴ ጉድለቱ የተጻፈበትን ገጽ ቀድዶ ሊጥል ያስባል። አይቀደድ። 24,000 መጉደሉ፣ በማን እንደጎደለ፣ በየትኛው ወር ስንት እንደተመለሰ ተጽፎ ይቀመጥ፤ አለዚያ ከሁለት ዓመት በኋላ ድምሩ አልገጥም ሲል የሚጠረጠረው አዲሱ ገንዘብ ያዥ ነው።